ድንጋይ ብቻ የነበረበት ሜዳ

ኮሌጁ የዕርቅ ቃል ኪዳኑን ባነበበበት ቀን አዳራሹ ውስጥ ሦስት የጣሪያ ማራገቢያዎች ነበሩ፤ የሚዞረው አንዱ ነው። እሱ ሥር የተቀመጡት የክብር እንግዶች ናቸው። እኔ እንደ ልማዴ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጬ አንገቴን በመሐረብ እየጠረግሁ ማስታወሻ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ለከተማችን ጋዜጣ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ምረቃ፣ ርክክብ፣ የመሠረት ድንጋይ፣ ዕርቅ፤ ስንቱን እንደዘገብኩ ቆጥሬ አላውቅም። ሰው በአንድ ሥራ ብዙ ሲቆይ ዜናውን ከስብሰባው በፊት በልቡ ጽፎ ይመጣል። የዚያን ቀንም ጽፌው ነበር የመጣሁት።

የኮሌጁ ዲን ከደጋ የመጣ፣ ጨዋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ኮሌጁን መምራት ከጀመረ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ኮሌጁ ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቢዮ አዋሌ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ቀድሞ ከብት አርቢዎች ይኖሩበት በነበረ ሜዳ ላይ ነው የቆመው። ሰዎቹ ሲነሡ በቅጡ ያነጋገራቸው አልነበረም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ በወረቀት ያሰፈረው ግን የለም። ዲኑ አሰፈረው። ለቦታው ነባር ማኅበረሰብ ይቅርታ እንጠይቃለን የሚለውን ከወረቀቱ ቀና ብሎ፣ ከፊት የተቀመጡትን እያየ አነበበ። ያንን ጻፍኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ እንዲህ አለ፦ "ድንጋይ ብቻ ከነበረበት ሜዳ ተነሥተን እዚህ ደርሰናል።"

እስክሪብቶዬን አቆምኩ። ዐረፍተ ነገሩ የእኔ ነው።

ኮሌጁ ሲመሠረት ወጣት ዘጋቢ ነበርኩ። ቦታው ድረስ ሄጄ፣ በእግሬ ዞሬ፣ በዓይኔ ያየሁትን ጻፍኩ፤ ጥቂት ግራር፣ አሸዋ፣ ድንጋይ። "ድንጋይ ብቻ የነበረበት ሜዳ" አልኩት። ኮሌጁ አባባሉን ወደደው። በየዓመቱ በምረቃ መጽሔቱ፣ በር ላይ በሚሰቀለው ባነር፣ በእንግዶች ንግግር ሲደገም ኖረ። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ መስማቱንም ተውኩት።

ንባቡ ሲያልቅ ተጨበጨበ። ከፊት ከተቀመጡት የመንደሩ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ሽርጥ የታጠቀና ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ማይክሮፎኑን ሳይቀበል ከመቀመጫው ተናገረ።

"ቃሉ ጥሩ ነው። አንተም ጥሩ ሰው ነህ። መቃብራችንስ?"

ድሬዳዋ ውስጥ አንቱታ የለም ማለት ይቻላል፤ ሽማግሌም ሹምም "አንተ" ነው። ዲኑ ሁለት ዓመት ኖሮም አለመደውም፤ "አንተ" በተባለ ቁጥር ዓይኑ ትንሽ ይርገበገባል። እኔ እዚህ ላይ፣ ከእሱ ንግግር በቀር፣ ሁሉንም በከተማዬ ልማድ እጽፋለሁ።

"የትኛው መቃብር?" አለ ዲኑ።

"እዚሁ ግቢ ውስጥ ያለው።"

ዲኑ አጠገቡ ወደተቀመጠው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ዞረ። ኃላፊው አላውቅም በሚል ዓይነት ራሱን ነቀነቀ።

"ሰነዶቻችን ላይ መቃብር የሚል የለም" አለ ዲኑ። "የቱ ጋ እንደሆነ ሊያሳዩን ይችላሉ?"

"እኔ ያኔ ወዲያ ማዶ መንደር ነበር የምኖረው። ቦታውን ከሚያውቁት አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ተሰዷል። በልኩ የሚያውቅ አንድ ሰው ቀርቷል።"

"ታዲያ ለምን አልተጋበዙም?"

"ተጋብዞ ምን ያደርጋል? አሁን በሩ ላይ ኪሳችንን ዳብሶ ያስገባን እሱ ነው።"

አዳራሹ ሳቀ። ዲኑም ሊስቅ ጀምሮ ተወው። "እንግዲያው አሁኑኑ ይጠሩልን" አለ።

"አይጠራም" አለ ሽማግሌው። "የበደለ ነው የተበደለ ቤት የሚሄደው። እናንተ ሂዱ።"

"እንሄዳለን" አለ ዲኑ።

በቆላው አገር የሙስሊም መቃብር ከራስጌ አንድ ድንጋይ፣ ከግርጌ አንድ ድንጋይ ነው። ስም አይጻፍበትም፣ አይታጠርም። ይህን የማያውቅ የድሬ ሰው የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ያኔ ሜዳውን ስዞር ያየሁትን በትክክል ጽፌአለሁ፤ ድንጋይ ነበር። ምን እንደሆነ ግን አንድ ሰው አልጠየቅሁም።

ስብሰባው ሲበተን ወደ በሩ ሄድኩ። ዘበኛውን የማላውቀው ሰው አይደለም። ስንት ዓመት መዝገቡ ላይ ፈርሜአለሁ። ቀጭን ነው፣ የካኪ ደንብ ልብሱ ትከሻው ላይ ይሰፋዋል፣ አንድ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። አንድ ልማድ እንዳለው አስተውዬ ነበር። ጠዋት በሩን ከከፈተ በኋላ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ይሄድና ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ "አሰላሙ አለይኩም" ይላል። በዚያ የሚያልፉ ተማሪዎች ለእነሱ እየመሰላቸው ሰላምታውን ይመልሳሉ። እኔም አንድ ሁለቴ መልሻለሁ።

"አደር" አልኩት። በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ በዕድሜ የገፋ ሰው ሁሉ የሚጠራበት ነው።

"ወርያ ጋዜጠኛ፣ የመውጫ ሰዓት አልሞላህም" አለኝ መዝገቡን እየገፋልኝ፤ ወርያ አንተ ሰውዬ እንደማለት ነው።

ሞላሁ። "መቃብሩን ታውቃለህ አሉ።"

"ማን አለ?"

"ሽማግሌው። አዳራሽ ውስጥ፣ በሰው ፊት።"

"እሱ ድሮም አፉ ምስጢር አይችልም። ልጆች ሆነን የሰው ሐብሐብ ስንሰርቅ ሄዶ የሚናገረው እሱ ነበር።"

"ታዲያ እውነት ነው?"

የደንብ ልብሱን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገ። "እዚህ በር ላይ የኮሌጁ ሰው ነኝ። የሚያበላኝን ቤት በሩ ላይ ቆሜ ልክሰሰው? ጥያቄ ያለው ቤቴ ይምጣ።" መዝገቡን ዘግቶ ጨመረ፤ "ግን ቶሎ ይምጣ። ሰኔ ሲያልቅ ጡረታ ነኝ። ይህን ልብስ እመልሳለሁ። ከዚያ በኋላ በዚህ በር ለመግባት መታወቂያና ምክንያት ይጠየቃል። ሕጉን የማስከብረው እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።"

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ለአዲስ የተግባር መማሪያ ሕንጻ ካስማ ተተክሎ ሲባጎ ተወጥሮ ነበር። ቁፋሮው የሚጀምረው በሐምሌ ነው። ሰውየው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ሊያጣ ነው፤ መግቢያውንና መሬቱን። መቃብሩ የት የት እንደሆነ የሚያውቀውም ከእሱ ጋር ይወጣል።

ዲኑ ቃሉን ጠበቀ። በሳምንቱ፣ ዘበኛው ዕረፍት በሚሆንበት ቀን፣ እሱና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ከዚራ ሰፈር ካለው ቢሯችን መጥተው በኮሌጁ ፒካፕ ወሰዱኝ። ከሰፈሩ ዛፎች ጥላ ወጥተን ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሄዱት ከባድ መኪናዎች የሚያስነሡት አቧራ ውስጥ ስንገባ ዲኑ "ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው አይደል?" ብሎ ጠየቀ። መኪናው ላይ አንድ ከረጢት ስኳርና የታጠፈ ጋቢ ነበር። ኃላፊው ካሜራውን ጭኑ ላይ አቅፏል።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ የእሾህ አጥር፣ ደጁ ላይ የሸራ ዳስ። ዘበኛው ያለ ደንብ ልብሱ፣ በነጭ ሸሚዝና በሽርጥ ሲቀበለን ሌላ ሰው መሰለኝ። ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ልጁ፣ ባሏ የሞተባት ትልቅ ሴት ናት፣ በወተት የፈላ ሻሂ በብርጭቆ አምጥታ በየፊታችን አኖረች።

እዚህ ላይ የማውቀውን መናገር አለብኝ። ከዓመታት በፊት ሁለት ቤተሰቦች በደም ሲታረቁ ዘግቤ ነበር። የበዳይ ወገን ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጦ፣ የቀረበለትን ውሃ ሳይነካ ውሎ፣ የተጠየቀው እሺ ሲባል ነው የጠጣው። አንድ ሽማግሌ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ፦ ለዕርቅ የመጣ ሰው ልመናው ያልተነካው ብርጭቆው ነው፤ ከጠጣ "ጉዳይ የለኝም፣ ለመጠየቅ ብቻ ነው የመጣሁት" ማለቱ ነው። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ዲኑ ያደገበት ቤት ደግሞ የቀረበን አለመቅመስ ባለቤቱን መናቅ ነው። በዚያ ላይ ሙቀቱ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ "እግዜር ይስጥልኝ እናቴ" አለ፣ ጠጣ። ኃላፊውም ጠጣ።

የምናገርበት ጊዜ ነበረኝ። ብርጭቆው ከምንጣፉ ተነሥቶ ከንፈሩ እስኪደርስ ሦስት ቃል ይበቃኝ ነበር። ዘጋቢ ያያል እንጂ አይገባም፤ ለብዙ ወጣቶች ያስተማርኩት ነው። ዝም አልኩ።

ዘበኛው የዲኑን ባዶ ብርጭቆ አየ። የኃላፊውን አየ። የእኔንም አየ። ከዚያ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ። ዘንድሮ ወንዙ ሊሞላ ይችላል አለ። ዲኑ በጥንቃቄ ወደ ጉዳዩ ሊመልሰው ሞከረ።

"አባባ፣ እንደው ስለዚያ ቦታ የሚነግሩን ካለ..."

"ቦታው ጥሩ ቦታ ነው" አለ ዘበኛው። "ልጆቹ ይማሩበታል። አላህ ይባርክላችሁ።"

ስኳሩንና ጋቢውን በምስጋና ተቀበለ። ፎቶ ተነሣን። ስንመለስ ዲኑ ቀለል ብሎት ነበር። "ደግ ሰው ናቸው። ምንም ቅሬታ የላቸውም" አለ። ኃላፊው ያንኑ ለኮሌጁ ዜና መኪናው ውስጥ ሆኖ ስልኩ ላይ መጻፍ ጀመረ።

እኔ ቢሮ ገብቼ "የኮሌጁ ልዑካን የዘበኛውን ቤት ጎበኙ" የሚል ጻፍኩ፤ ሻይ እንደጠጡም ጨመርኩ። የጋዜጣው አዘጋጅ ሁለቴ አነበበው። "ዜናው የቱ ጋ ነው?" አለኝ።

"የለም" አልኩት።

"ድሮ አንተ እንዲህ አልነበርክም አቦ" ብሎ ወደ ጎን አደረገው።

ሁለት ሳምንት ሌላ ሌላ ሥራ ሠራሁ። የውሃ መቋረጥ፣ የገበያ ዋጋ፣ የመንገድ ጥገና። ሰኔ እየገፋ ነበር። ነገሩ ሌት ተቀን አላስጨነቀኝም፤ እንደዚያ ብል ውሸት ነው። ደክሞኝ ነበር፤ የደከመ ሰው ብዙ ነገር ያሳልፋል። አንድ አርብ ግን የዓመቱ የምረቃ መጽሔት ረቂቅ እንዳየው ከኮሌጁ ተላከልኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በትልቁ፣ ድንጋይ ብቻ የነበረበት ሜዳ ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ ወጣሁ። ሹፌሩ መንገዱን ሙሉ ስለ ነዳጅ ወረፋ ሲያማርር ሰማሁት። ዘበኛው ደጁ ላይ ሰሌን ይጠግን ነበር።

"ወርያ ጋዜጠኛ። ካሜራውስ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

ሻሂ መጣ። ፊቴ ተቀመጠ። አልነካሁትም። እሱም ሰሌኑን ቀጠለ። ፀሐይዋ ከአጥሩ አልፋ ዳሱ ላይ ወጣች፤ ሻሂው ላይ ስስ የወተት ቆዳ ሠራ፤ አንድ ዝንብ ገባበት። ልጁ ልትቀይርልኝ ስትመጣ "ተዪው፣ ልመና ላይ ነው" አላት።

"ያን ቀንም አልጠጣህም" አለኝ ዓይኑን ሳያነሣ። "ብርጭቆህ ሙሉ ነበር። ስለዚህ ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"አውቀህ ዝም አልክ።"

"አዎ።"

"እሱ ባያውቅ አልፈርድበትም። እንግዳ ነው፣ እናቱ እንዳስተማረችው ጠጣ። አንተ ግን የዚህ አገር ሰው ነህ።" ሰሌኑን ገለበጠ። "ምን ፈልገህ ነው?"

አባባሉ የእኔ መሆኑን ነገርኩት። ሜዳውን እንደዞርኩ፣ ድንጋዮቹን እንዳየሁ፣ እንዳልጠየቅሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ እንደመጣሁ ነገርኩት፤ ቃሉ አፌ ውስጥ የደረቀ ዳቦ ሆኖብኝ ነበር፤ ሌሎች ሲሉት እየጻፍኩ ነው የኖርኩት።

ዘበኛው ሰሌኑን ወደ ጎን አደረገ። ከዚያ ያለ ጥያቄ ነገረኝ። ሰዎቹ ሲነሡ እሱ ጅቡቲ ወደብ ላይ ተሸካሚ ነበር። ሲመለስ መንደሩ የለም፣ አጥር አለ። አጥሩ ውስጥ እናቱ አለች፤ በሕፃንነታቸው የሞቱ ሁለት ልጆቹም አሉ። ዶዘሩ ድንጋዮቹን ወደ ዳር ገፍቷቸዋል። እሱ ግን ከቀረው አንድ ግራር እየለካ በእርምጃ ያውቀዋል። በሳምንቱ ዘበኛ እንፈልጋለን ተባለ።

"ከውጭ ሆኜ ከማይ ከውስጥ ሆኜ ልጠብቅ አልኩ" አለ። "ሌላው ሰው ደመወዝ እየተከፈለው የእናቱን መቃብር አይጠብቅም። እኔ ተከፍሎኛል። ምን ቅሬታ አለኝ?"

እየቀለደ መሆኑን ለማወቅ ፊቱን አየሁ። አላወቅሁም።

"የአንተን ጠጣ" አለኝ በመጨረሻ። "የአንተ አልቋል። ዋላሂ፣ ያየኸውን ነው የጻፍከው። አሁን ያላየኸውን ጻፍ። ዲኑን ደግሞ መልሰህ አምጣው። ያለ ካሜራ።"

ቀዝቅዞ የረጋውን ሻሂ ጠጣሁት። ዝንቡን በጣቴ አውጥቼ።

ሰኞ ዲኑ ቢሮ ገብቼ ነገሩን አስረዳሁት። በሥራ ዘመኔ እየዘገብኩት ባለ ጉዳይ ውስጥ እጄን ሳስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እስክጨርስ ሰማኝ።

"አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር" አለኝ። "አንተ" ሲል የመጀመሪያው ነው። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ሥራዬ ማየት ነው ብዬ።"

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "አምስት ወር ነው ያን ቃል ኪዳን የጻፍኩት። አምስት ወር። በአንድ ብርጭቆ ሻይ አፈረስኩት።"

ሁለተኛው ጉብኝት ከጠዋት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ወሰደ። ዲኑ ምንጣፉ ላይ እግሩን አጥፎ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ የሻሂውን ብርጭቆ እያየ ተቀመጠ። ዘበኛው ሶላት ሰግዶ መጣ፣ ፍየሎቹን አጠጣ፣ ከጎረቤት ጋር ተጨዋወተ። ለማሰቃየት አልነበረም፤ ልማዱ እንዲህ ነው። በመጨረሻ መጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠና "በል ተናገር" አለው። ዲኑ ወረቀት አላወጣም። "ሳልጠይቅ ገባሁ። አሁን ልጠይቅ መጣሁ" አለ። ከዚያ ጠጣ።

በማግስቱ ዘበኛው በኮሌጁ ግቢ፣ ከግራሩ ተነሥቶ፣ እየቆጠረ ሄደ። እኔ ከኋላው ኖራ እየበተንኩ ምልክት አደረግሁ። ኃላፊው ሜትር ይጎትት ነበር፤ ካሜራው ቢሮ ቀርቷል። የእናቱ ረድፍ ከአዲሱ ሕንጻ ሲባጎ ውስጥ ወድቋል፤ ካስማዎቹ ወደ ምሥራቅ ተነሡ። የልጆቹ ቦታ ቤተ መጻሕፍቱ ሥር ነው። ዘበኛው ግድግዳው ጋ ሲደርስ መቁጠሩን አቆመ፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ አኖረ፣ "እዚህ ውስጥ" አለ። ኃላፊው ሜትሩን ጠቀለለ። ቤተ መጻሕፍት አይነሣም።

መጽሔቱ አባባሉን እንደያዘ ታትሞ ወጣ፤ ማተሚያ ቤት ከገባ ቆይቶ ነበር። እኔ ጋዜጣችን ላይ አራት መስመር እርማት ጻፍኩ፦ በዚህ ዘጋቢ "ድንጋይ ብቻ የነበረበት" የተባለው ሜዳ የመንደሩ ነዋሪዎች መካነ መቃብር ነበር፤ ዘጋቢው ሳይጠይቅ ጽፏል። አዘጋጁ ከዓመታት በኋላ እርማት ታይቶ አይታወቅም አለ። ከገጹ ግርጌ፣ ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር አወጣው። አንድም አንባቢ ደውሎ አልጠየቀኝም።

በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ዘበኛው ደውሎ "ልገባ ነው፣ ከፈለግህ ና" አለኝ። በሩ ላይ አገኘሁት፤ ነጭ ሸሚዝ፣ አዲስ ሽርጥ፣ ምርኩዝ። ዲኑ በፈለገው ጊዜ እንዲገባ የሚፈቅድ ደብዳቤ ጽፎለት ነበር፤ ደብዳቤው ከቢሮ ወደ በሩ ገና አልወረደም። በእሱ ቦታ የተቀጠረችው ዘበኛ ጠና ያለች ሴት ናት፤ የድሮው ካኪ ለእሷ በልኳ ተጠብቧል።

"መታወቂያ" አለችው።

ሰጣት። "ጥሩ ነው" አለ ወደ እኔ ዞሮ። "ማንንም ዝም ብላ አታስገባም።"

ራሱ ያሰመረውን መዝገብ ከፈተች። ስሙን ጻፈች፣ ሰዓቱን ጻፈች። የሚጠየቀው ሰው የሚለው ዓምድ ላይ ስትደርስ ቀና አለች። "ማንን ልበል?"

"እናቴን በይ።"

እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ እኔ አየች። ጻፊው በሚል ራሴን ነቀነቅሁ። ጻፈችው፤ በጥንቃቄ፣ መስመሩን ሳትለቅ። "መውጫህን ስትመለስ እሞላለሁ" አለችው።

ምርኩዙን አሸዋው ላይ እየተከለ ወደ ግራሩ ሄደ። መኪና ማቆሚያው ጋ ሲደርስ ቀኝ እጁን አነሣና ሰላምታውን ሰጠ። ኮሌጁ ተዘግቶ ስለነበር ተማሪ አልነበረም፤ ሰላምታው ለራሱ መስሎት የሚመልስ አልተገኘም። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ጠበቅሁት።